ከጥበቡ ሥር የሚለበሰው፦ የሐበሻ ቀሚስን ንጽሕና ስለሚጠብቀው የውስጥ ልብስ



የዛሬው ርእስ በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የውስጥ ልብስ በእኛ ዘንድ ገመና ነው፤ በአደባባይ አይነሣም። ነገር ግን በዝምታችን ምክንያት በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የሚበላሸው ልብስ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ያህል ይሉኝታውን እንድናቆየው እጠይቃለሁ።

ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ ወንዶች በሰርግና በበዓል ኪልት የሚባል ባለ ሽንሽን የሱፍ ሽርጥ ይለብሳሉ። ሙሉው ኪልት ሰባት ሜትር ገደማ ጨርቅ ይፈጃል፤ ሱፍ በመሆኑም ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። ከሥሩ ምንም አለመልበስ እንደ ወግ ሲቆጠር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የታርታን ጨርቅ ቅርስን የሚከታተለው የአገሪቱ ተቋም ልማዱን ንጽሕና የጎደለው ነው ብሎ ነቀፈው። ክርክሩም በጋዜጦች ላይ ሰነበተ። በጥንቱ ዘመን ግን የደጋማው አገር ሰዎች ከሱፉ ሥር ረጅም ሸሚዝ ይለብሱ ነበር። ሱፉ ከገላ ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ የሚታጠበውም ሸሚዙ ነበር።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ «ቀሚስ» የሚለው ቃል ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ቃሉ ከዐረብኛው «ቀሚስ» ጋር አንድ ነው፤ ብዙ የቋንቋ ሊቃውንትም «ካሚሲያ» ከሚለው የኋለኛው ዘመን ላቲን ጋር ያዛምዱታል። ካሚሲያ ከገላ ቀጥሎ የሚለበስ፣ ሌላ ልብስ የሚደረብበት እጀ ጠባብ ነበር። በእኛም አገር የቀደመው ቀሚስ ከሸማው ሥር የሚውል ልብስ ነበር፤ ክብሩና ጌጡ በሚደረበው ኩታ ላይ ያርፍ ነበር። ዛሬ ጥበቡ በደረትና በጫፍ ተጠልፎ የልብሱ ዋጋ በአብዛኛው ወደ ቀሚሱ ተዛውሯል። ቦታው ግን አልተለወጠም፤ አሁንም ከገላ ጋር የሚገናኘው ቀሚሱ ነው። ውዱን ልብስ በላቡ ቦታ አስቀምጠነዋል ማለት ነው።

ይህን በትምህርት ከማወቄ በፊት በጥፋት ተምሬዋለሁ። የሁለተኛ ዲግሪዬን በተቀበልኩበት ዕለት የእናቴን የሰርግ ቀሚስ ለበስሁ። እናቴ «ልጄ፣ ከሥሩ አንድ ነገር ልበሽበት» ብላኝ ነበር፤ ሙቀቱን አስቤ እንቢ አልኳት። ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ ማታ ጨፍሬ፣ በማግስቱ አጥፌ ወደ ሳጥኑ መለስሁት። ያን ጊዜ የሚታይ እድፍ አልነበረበትም። በዓመቱ ሳወጣው ብብቱና አንገትጌው ወይቦ አገኘሁት። ደንግጬ በበረኪና ዘፈዘፍሁት። የወየበው በከፊል ነጣ፤ የጥበቡ ቀይ ግን ደበዘዘ፤ ጨርቁም በብብቱ በኩል ሳስቶ ተቀደደ። የሠራው ሸማኔ ካረፈ ቆይቶ ነበር። እናቴ አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ አጥፋ አስቀመጠችው።

በዚያ ሳጥን ውስጥ የሆነውን ኬሚስትሪ ያስረዳል። ልብስን የሚያቆሽሸው ነገር ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። አቧራ፣ ጭቃና ወጥ ከውጭ ይመጣሉ፤ ስለሚታዩ ወዲያው እናነሣቸዋለን። ላብና የቆዳ ቅባት ግን ከውስጥ ይመጣሉ። ላብ ከመቶ 99 እጅ ገደማ ውሃ ነው፤ የቀረው ጨው፣ ዩሪያ፣ ላክቲክ አሲድና የመሳሰለው ነው። ውሃው ይተንናል፤ የቀረው ከቅባቱ ጋር በክሩ ውስጥ ይቀራል። ቅባቱ ትኩስ ሳለ አይታይም። ከአየር ኦክስጅን ጋር በቀስታ ሲዋሐድ ግን ቢጫ ይሆናል። እድፉ በለበስነው ቀን ሳይሆን ከወራት በኋላ «የተወለደ» የሚመስለን ለዚህ ነው። በብዙ የብብት ቅባቶች ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም ጨውም ከላብ ጋር ተዳምሮ ቢጫነቱን ያጠነክረዋል።

«ታዲያ ቶሎ ቶሎ ብናጥበውስ?» ትሉኝ ይሆናል። የእጅ ሽመና ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእንዝርት የተፈተለው ማግ ለስላሳ የሚሆነው ክሩ ላላ ተደርጎ ስለሚከረር ነው፤ ያው ልስላሴ በመታሸትና በመጠምዘዝ ጊዜ ድካሙ ይሆናል። ጨርቁ ይሰበሰባል፤ የጥበቡ ቀለም ወደ ነጩ ሊፈስ ይችላል፤ ጥበቡና ሜዳው እኩል ስለማይሰበሰቡ ጫፉ ይጨማደዳል። በረኪና ደግሞ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን የጥጡን ሴሉሎስ ጭምር ይበላል። የእጅ ሥራ ቀሚስን ከመለበስ ይልቅ መታጠብ ያስረጀዋል። መፍትሔው እድፉ ቀሚሱ ዘንድ እንዳይደርስ፣ በምትኩ እንደ ልብ የሚታጠብ ነገር መሐል ማስገባት ነው።

ያ ነገር ምን ይሁን? በልማድ ጁፖን የምንለው፣ በገበያ በብዛት የሚገኘው የውስጥ ቀሚስ ከናይለን ወይም ከፖሊስተር የተሠራና በትከሻው ላይ በቀጭን ማንገቻ የሚያዝ ነው። ለመንሸራተት ጥሩ ነው፤ ለንጽሕና ግን ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛ፣ ጥጥ በመካከለኛ የአየር እርጥበት ከክብደቱ ከመቶ ስምንት እጅ ገደማ ውሃ ሲይዝ፣ ፖሊስተር ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም። ላቡን ስለማይጠጣው ያሳልፈዋል፤ የሚጠጣው ከላይ ያለው የጥጥ ቀሚስ ይሆናል። የሚከላከል መስሎን የለበስነው ነገር ላቡን ወደ ቀሚሱ አቀበለው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ባለ ማንገቻው ብብትን፣ የላይኛውን ጀርባና የአንገትን ሥር ክፍት ይተዋል፤ እድፉ የሚበዛው ግን እዚያው ነው።

ስለዚህ የምመክረው ስስ የጥጥ የውስጥ ልብስ ነው። አጭር እጅ ኖሮት ብብትን ይሸፍን፤ አንገቱ ከቀሚሱ አንገት በጥቂቱ ዝቅ ይበል፤ ጫፉም ከቀሚሱ ጫፍ አራት ጣት ያህል ይጠር። ቀለሙ ከለባሹ ገላ ጋር ቢቀራረብ ይመረጣል፤ ከስስ ፈትል ሥር ነጩ ጎልቶ ይታያል፤ ደማቁ ደግሞ በላብ ቀለሙን ሊለቅ ይችላል። ከሙታንታው በላይ ጭንን የሚሸፍን የጥጥ ቁምጣ ቢጨመር ለተቀማጭ እንግዳም ለጨፋሪም ይበጃል። ወንዶችም ከእጀ ጠባባችሁ ሥር ባለ እጅ የጥጥ ካናቴራ ልበሱ። ገበሩ ከቀሚሱ ጋር የተሰፋ ከሆነ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ገበሩን ለማጠብ ቀሚሱን ሁሉ ማጠብ ግድ ይሆናልና። የብብት ቅባት የምትጠቀሙ፣ ፈጽሞ ሳይደርቅ አትልበሱ። ማታ የውስጡን ወዲያው እጠቡት፤ ቀሚሱን ግን በጥላ አናፍሱት። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ንጹሕ ቢመስልም በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ሳይጠመዘዝ ይታጠብ፤ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁንም አስቀድማችሁ በውስጥ ስፌቱ ላይ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሞክሩ።

በመጨረሻ ስለ ውሃ አንድ ነገር ልበል። የእናቴ ቀሚስ በልጅነቴ የሚታጠበው እንፍራንዝ ወርደን በእንዶድ ነበር። የእንዶድ ፍሬ በውስጡ ባለው ሳፖኒን አረፋ ይሠራል፤ ለጥጥም የዋህ ነው። ነገር ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ለመግታት የሚያገለግል ምርምር ጀመሩ። ያው አረፋ ዓሣንም ይገድላል። የዋህ የምንለው ማጠቢያ እንኳ ለወንዙ የዋህ አይደለም፤ የዛሬው ዱቄት ሳሙናና በረኪናም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የእንፍራንዝ ምንጮች ባሕር ዳርን ያጠጣሉ፤ ወንዙም ወደ ጣና ይገባል። በጥቂት ውሃ የሚታጠብ አንድ ስስ የውስጥ ልብስ ትልቁን ቀሚስ ከተደጋጋሚ እጥበት ሲያድነው፣ ከዚያ ውሃም ላይ ሸክም ያቀላል።

በዚህ ዓመት የምትመረቁ ተማሪዎች፣ ብዙዎቻችሁ የእናታችሁን ወይም የእኅታችሁን ልብስ ትዋሱ ይሆናል። «ከሥሩ አንድ ነገር ልበሽበት» ስትባሉ እንደ እኔ እንቢ አትበሉ። እናቴ ኬሚስትሪ አልተማረችም፤ ትክክል ነበረች።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልለፍ።