አቀበት ላይ የምትጮኸው ባጃጅ፦ የፍሪሲዮን መንሸራተትና የከፍታ ፊዚክስ በባሕር ዳር

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሁሉ ባጃጇን ያውቃል። በጣና ዳርቻ ባለው ሜዳማ መንገድ እንደ ልቧ የምትከንፈው ይህች ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ፣ ሦስት ተሳፋሪ ጭና ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስትዞር ግን እውነተኛ አቅሟ ይገለጣል።

ከተማሪዎቻችን አንዱ አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ጠብቆን «መምህር፣ ስለ ሰበቃ ያስተማሩንን በባጃጅ ላይ መሞከር ይቻላል?» ሲል ጠየቀን። ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። ታላቅ ወንድሙ የዕቁብ ገንዘቡንና ከዘመድ የተበደረውን አንድ ላይ አድርጎ ያገለገለች ባጃጅ ከድሬዳዋ ገዝቶ አምጥቷል። ባጃጇ በሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፤ አቀበት ላይ ግን ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነት አትጨምርም። ወንድምየው ያማከራቸው ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ፍርድ ሰጡት። አንዱ «የአገሩ ከፍታ ነው፤ ትለምደዋለህ» አለው። ሁለተኛው «ሞተሩ አርጅቷል፤ ይፈታ» አለው። ሦስተኛው ደግሞ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» አለ። ሞተር ማስፈታት ለዚህ ሰው የብዙ ቀን ገቢ ማጣትና በዕዳ ላይ ሌላ ዕዳ መጨመር ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አልነበረም።

ውድ አንባቢያን፣ ሦስቱም ፍርዶች ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ሦስቱም በቁጥር ሊመረመሩ ይችላሉ።

ከፍታው ምን ያህል ይወስዳል?

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በቤታችን የምንጥደው ውሃ በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚፈላውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሲሊንደር በየዑደቱ የሚስበው የአየር ይዘት የተወሰነ በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ያንሳል፤ ኦክስጅን ሲያንስ ደግሞ ሊቃጠል የሚችለው ቤንዚን ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ወለል ላይ 7.5 ኪሎዋት (10 የፈረስ ጉልበት ያህል) የሚሰጥ ሞተር ባሕር ዳር ላይ 6 ኪሎዋት ገደማ ቢሰጥ ጤነኛ ነው።

ነገር ግን ይህች ባጃጅ የመጣችው ከባሕር ወለል ሳይሆን 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከድሬዳዋ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት 7 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ባለቤቱ አቀበት ላይ ጠፋብኝ የሚለው አቅም ከዚህ እጅግ ይበልጣል። እንግዲህ ከፍታው ጥፋተኛ ነው ቢባል እንኳ ብቻውን አይደለም።

ፍሪሲዮን ማለት ሰበቃ ነው

«ፍሪሲዮን» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከጣልያንኛ ሲሆን ቀጥተኛ ትርጉሙም «ሰበቃ» ነው። ስሙ ሥራውን ይናገራል። በባጃጅ ሞተር ውስጥ ዘይት ውስጥ የተነከሩ በርካታ ዲስኮች ተደራርበው በሞላዎች ተጨምቀው ይገኛሉ። ከፊሎቹ ከሞተሩ ጋር፣ ከፊሎቹ ከማርሹ ጋር ይዞራሉ። የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማ የሚሻገረው በእነዚህ ዲስኮች መካከል ባለው ሰበቃ ብቻ ነው።

ፍሪሲዮኑ ሊያሻግር የሚችለው የማዞር ጉልበት በአራት ነገሮች ይወሰናል፦ በሞላዎቹ ጭነት፣ በሰበቃው መጠን፣ በሚፋተጉት ገጾች ብዛትና በዲስኮቹ ስፋት። ዲስኩ ሲሳሳ ወይም ሞላው ሲላላ ጭነቱ ይቀንሳል። እርጥብ ፍሪሲዮን ላለው ሞተር ያልተሠራ አንሸራታች የመኪና ዘይት ሲጨመር ሰበቃው ይቀንሳል። የፍሪሲዮኑ ገመድ ያለ ልክ ሲወጠር ደግሞ ሾፌሩ መያዣውን ባይነካውም ፍሪሲዮኑ በከፊል እንደተያዘ ይቆያል።

ሜዳ ላይ የሚፈለገው ጉልበት ትንሽ በመሆኑ የደከመ ፍሪሲዮን እንኳ ይበቃዋል። አቀበት ላይ ግን የሚፈለገው ጉልበት ፍሪሲዮኑ ከሚችለው ሲያልፍ ዲስኮቹ መንሸራተት ይጀምራሉ። ሞተሩ ይፈጥናል፤ ጎማው አይከተለውም።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሕግ አለ። ኃይል የማዞር ጉልበትና የመዞር ፍጥነት ብዜት ነው። በፍሪሲዮኑ በሁለቱም ወገን ያለው የማዞር ጉልበት እኩል ስለሆነ የፍጥነቱ ልዩነት በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዲስኮቹ 20 በመቶ ቢንሸራተቱ ከኃይሉ 20 በመቶው ይጠፋል። ከ6 ኪሎዋት ውስጥ ይህ 1.2 ኪሎዋት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ዘይቱ ውስጥ እንደ ተጣደ ይቆጠራል። ሙቀቱ ዲስኩን ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ዲስክ ይበልጥ ይንሸራተታል።

በሌሎች አገሮች በእርሻና በአሸዋማ ሥፍራ የሚነዱት፣ ሾፌሩና ተሳፋሪው ጎን ለጎን የሚቀመጡባቸው ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ በዲስክ ፈንታ በጎማ ቀበቶ ይሠራሉ። ሕጉ ግን ለእነርሱም ያው ነው፤ የተንሸራተተ ቀበቶ ኃይልን ሙቀት ያደርጋል፤ ሽታውም ይመሰክራል።

ሞተርን በድምፁ መቁጠር

ማርሽ ካልተቀየረና መንሸራተት ከሌለ የሞተሩና የጎማው ፍጥነት ንጽጽር አይለወጥም። መንገዱ ሜዳም ይሁን አቀበት፣ በሁለተኛ ማርሽ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ባጃጅ ሞተሯ እኩል መዞር አለበት። ባጃጇ የሞተር ዙር ቆጣሪ ባይኖራትም ድምፅ አላት። ባለ አራት ምት ነጠላ ሲሊንደር ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ይተኩሳል። በሰከንድ 36 ጊዜ ከተኮሰ በደቂቃ 4,320 ዙር ይዞራል ማለት ነው።

የድምፅን ድግግሞሽ በመስመር የሚያሳይ የእጅ ስልክ መተግበሪያ ለዚህ ይበቃል። ስልኩ ዝቅተኛውን ድምፅ በደንብ ባይሰማ እንኳ መስመሮቹ በ36፣ በ72፣ በ108 ኸርትዝ እየተከታተሉ ስለሚታዩ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ማንበብ ነው። ፍጥነቱን ደግሞ ሌላ ስልክ በጂፒኤስ ይለካል።

አንድ እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ወንድምየው እየነዳ እኛ ከኋላ ተቀምጠን ለካን። በሐይቁ ዳርቻ ሜዳ ላይ በሁለተኛ ማርሽ በ20 ኪሎ ሜትር 36 ኸርትዝ አገኘን። በቤዛዊት አቀበት በዚያው ማርሽና በዚያው ፍጥነት 45 ኸርትዝ ሆነ። 36 ለ45 ሲካፈል 0.8 ነው። ዲስኮቹ 20 በመቶ እየተንሸራተቱ ነበር። ሙከራው ዲስኩን ስለሚያሞቅ ከጥቂት ሰከንዶች በላይ አላስኬድነውም።

ከቀላሉ መጀመር

መካኒኩ በመጀመሪያ የነካው ምንም የማያስወጣውን ነገር፣ ማለትም ገመዱን ነበር። መያዣው ላይ ምንም ልል አልነበረም። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲላላ የአቀበቱ ድምፅ ከ45 ወደ 41 ኸርትዝ ወረደ። የቀረው ከዲስኮቹ ነበር፤ ሲከፈቱ ሳስተውና ጠቁረው ተገኙ። ዲስኮቹና ሞላዎቹ ተቀይረው፣ ለእርጥብ ፍሪሲዮን የተሠራ ዘይት ከተጨመረ በኋላ ሜዳውም አቀበቱም 36 ኸርትዝ ሆኑ። ሞተሩ አልተፈታም።

ድምፁ ባይለወጥስ?

የሜዳውና የአቀበቱ ድምፅ እኩል ሆኖ ባጃጇ ግን አቅም ቢያንሳት፣ ፍሪሲዮኑ ንጹሕ ነው፤ ዲስክ መቀየር ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ያን ጊዜ በቅድሚያ የአየር ፊልትሮውን ማየት ነው፤ የበጋው አቧራ ይደፍነዋል። ቀጥሎ ካንዴላውን ማውጣት ነው፤ በጥላሸት የጠቆረ ካንዴላ ቤንዚኑ ከአየሩ መብዛቱን ያሳያል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ሳይስተካከል ወደ ከፍታ ሲመጣ ይህ ይደርሳል። ጎማዎቹን አንሥቶ በእጅ ማዞርም ተገቢ ነው፤ የሚይዝ ፍሬን ወይም ነፋስ ያነሰው ጎማ የሞተር ድካም ይመስላል። የባልቦላ ክፍተትና የሲሊንደር እመቃ የሚመረመሩት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሞተር መፍታት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም።

600 ኪሎ ግራም የምትመዝን የተጫነች ባጃጅ ከ100 ሜትር 10 ሜትር ከፍ የሚል አቀበት ለመውጣት፣ የመንገዱ መጎተት ሲታከልበት፣ 700 ኒውተን ያህል መገፋት አለባት። ጎማው ላይ 5 ኪሎዋት ቢደርስ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወጣለች፤ 4 ኪሎዋት ብቻ ቢደርስ 20። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ለሚመላለስ ሾፌር ግን የምልልስ ቁጥር ነው፣ የቤንዚን ሂሳብ ነው፣ የዕዳ መክፈያ ነው።

ከዚያ በኋላ ወንድምየው «አሁንም እንደ ድሬዳዋው አይደለችም» ሲል ነግሮናል። ልክ ነው። ያቺ 7 በመቶ የከፍታው ድርሻ ናትና ጋራዥ አይመልሳትም። ሊመለስ የሚችለውን ከማይመለሰው መለየት ግን በክፍል ውስጥ የምንማረው ፊዚክስ የሚችለው ሥራ ነው። ስልክ ያለው ተማሪ ሁሉ በሰፈሩ አቀበት ላይ ሊሞክረው ይችላል፤ ሲለካ ግን ተሳፋሪ ሆኖ እንጂ መሪ ይዞ አይሁን።