ብድርና ሰሊጥ በኮኪት

ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኮኪት ገበያዋ የሚሞቀው በሰሊጥ ወቅት ሲሆን፣ «ሳሉግ» የሚባሉት ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞችና ከሱዳን ጋር ያለው የድንበር ንግድ ለምግብ ቤቱ፣ ለአልቤርጎውና ለሸቀጥ ሱቁ ዋና የገቢ ምንጭ ናቸው። በመሆኑም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ በዚያው ክረምትም የአማራ ክልል ግጭት ሲባባስ፣ ሥራው ደህና የነበረ ነጋዴ እንኳ ዕዳውን በቀጠሮው መክፈል የሚቸግረው ጊዜ መጣ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የሚሰጠው እፎይታ አንድ ወጥ አይደለም። የእፎይታ ጊዜ ክፍያን ለተወሰኑ ወራት ሲያቆም፣ ማሸጋሸግ ደግሞ የመክፈያውን ዘመንና መጠን ዳግም ይወስናል፤ ስረዛ ከሁሉም ብርቅ ነው። ወለዱ መቆጠሩን ከቀጠለ ግን፣ ለምሳሌ 50,000 ብር በ18 በመቶ ዓመታዊ ወለድ የተበደረ ሰው ከስድስት ወር እፎይታ በኋላ 4,500 ብር ተጨማሪ ዕዳ ይጠብቀዋል።

በክልሉ አነስተኛ ብድርን ያስፋፋው፣ በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የታወቀው በቡድን ዋስትና ነው፤ ይኸውም አንዱ መክፈል ቢያቅተው ጓደኞቹ የሚከፍሉበት አሠራር ነው። አንድ ሰው ሲታመም ወይም ሲከስር ይህ ዋስትና ይሠራል፤ ችግሩ ከተማውን በሙሉ ሲመታ ግን ዋሱም ተበዳሪውም እኩል ባዶ እጃቸውን ስለሚቀሩ፣ ሸክሙን ከአካባቢው ውጭ ያለ አካል፣ ማለትም መንግሥት፣ መጋራት አለበት።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር ያቀረበው ደንበኞቻቸውን እንዲደግፉ ነበር፤ ሆኖም ማን እንደሚታገዝ የመወሰኑ ሥልጣን በባንኮቹ እጅ ቀረ። በአሜሪካ ግን መጀመሪያ የተጎዳው አካባቢ የአደጋ ቀጠና ተብሎ ይታወጃል፤ ከዚያም የአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር በዚያ ለሚገኙና ከሌላ ቦታ ብድር ማግኘት ለማይችሉ ንግዶች ከ4 በመቶ በማይበልጥ ወለድ እስከ 30 ዓመት የሚከፈል ብድር ይሰጣል።

ለኮኪት የሚሻለው ይኸው ቦታን የሚለይ አሠራር ነው፤ ይሁንና ወቅቱም መታየት ይኖርበታል። ሚያዝያ ላይ የሦስት ወር እፎይታ ቢሰጥ ክፍያው የሚደርሰው ሐምሌ ላይ፣ ገበሬው ለዘርና ለአረም ገንዘብ በሚያወጣበት ጊዜ ነው፤ ሰሊጡ ታጭዶ የሚሸጠው ግን ከመስከረም በኋላ በመሆኑ ቀነ ገደቡ ወደ ኅዳር ቢገፋ ይሻላል። ተበዳሪውም የማሸጋሸጊያ ውሉን ከመፈረሙ በፊት በእፎይታው ወራት ወለድና መቀጫ ይቆጠር እንደሆነ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል።