የከሸፈች ጥይት የምትሰጠው ምስክርነት

ምላጩ ተስቧል፤ መዶሻውም ወድቋል። የተሰማው ግን የብረት ድምፅ ብቻ ነው። በሌሊት ጥበቃ ላይ ለቆመ ሰው ከዚህ የከፋ ድምፅ ጥቂት ነው። ተኩሱ ያልወጣበትን ምክንያት ለማወቅ ተቻኩሎ አፈሙዙን ወደ ፊቱ ካዞረ ደግሞ ከከሸፈችው ጥይት የባሰ አደጋ በራሱ ላይ ይጠራል።

የማካሮቭ ሽጉጥ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የሶቪየት ኅብረት ጦር የተቀበለው ይህ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ትንሽ መሣሪያ 8 ጥይት ይይዛል። የሞስኮን መሣሪያ ይታጠቁ በነበሩ የአረብ አገሮችና በኢትዮጵያም እጅግ የታወቀ ነው። በጥንካሬው ቢመሰገንም ዛሬ በሰው እጅ ያለው አብዛኛው ዕድሜ ጠገብ ነው፤ ሲከሽፍ ግን ሁሉም ጥይቱን ይወቅሳል። ወቀሳው ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም።

በመተኮሻ ሜዳ ላይ ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ እንደያዙ ቢያንስ 30 ሰከንድ መታገሥ ይገባል፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለና። ከዚያ ካዝናው ይነቀላል፤ ጥይቷም ትወጣለች፤ ውስጡ ባዶ መሆኑ በዓይን ይረጋገጣል። ሕይወቱ አደጋ ላይ ለወደቀ ሰው ግን ትዕግሥቱ አይሠራም፤ እርሱ ወዲያው ሌላ ጥይት ማቀባበል አለበት።

የወጣችው ጥይት አትጣል፤ በቀለሁ ግርጌ መካከል ያለው ካፕሱል ይታይ። መርፌው ጥልቅ ጉድጓድ አሳርፎበት ካልፈነዳ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የጥይቱ ነው፤ እርጥበት ወይም ዘይት ባሩዱን አበላሽቶታል። ጥይት እንዳይዝግ እያሉ በዘይት የሚወለውሉ ሰዎች የሚያተርፉት ይህንኑ ነው። ምንም ምልክት ከሌለ መርፌው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ጭረት መሳይ ጥልቀት የሌለው ምልክት ከታየ ግን ምቱ ደክሟልና ምርመራው ወደ ሽጉጡ ይዞራል።

የማካሮቭ መርፌ የራሱ መመለሻ ሞላ የለውም፤ በመተላለፊያው ውስጥ ልቅ ሆኖ ይንሸራተታል። ስለዚህ የደረቀ ቅባት፣ የባሩድ ጥላሸትና የበረሃ አቧራ ተቦክተው ሲይዙት የመዶሻው ጉልበት እዚያው ይባክናል። መድኃኒቱ ተጨማሪ ዘይት ሳይሆን ጽዳት ነው። ላይኛው ተንሸራታች ክፍል ከተፈታ በኋላ የመጠበቂያው ቁልፍ ወደ ላይ ዞሮ ሲወጣ መርፌው ነጻ ይሆናል፤ መተላለፊያው ይጠረጋል፤ በደረቁም ይመለሳል።

ከጽዳት በኋላም ካልተሻለ የሚጠረጠረው በእጀታው ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ሞላ ነው። ይህ አንድ ብረት መዶሻውን ይገፋል፣ የምላጩን ሥራ ያግዛል፣ በታችኛው ጫፉም ካዝናውን ቆልፎ ይይዛል። ምላጩ እንዲለሰልስ ተብሎ በሞረድ የተሳሳ ሞላ ምቱን ያደክማል፤ ይህ ጥገና ሳይሆን ማበላሸት ነው። መርፌውን መሞረድም እንዲሁ፤ ጫፉ ከሾለ ካፕሱሉን በስቶ ትኩስ ጋዝ ወደ ኋላ ያስወጣል። ሞላም ሆነ መርፌ በአዲስ የሚተካው በባለሙያ እጅ ነው።

የጽዳቱ ውጤት ሽጉጡ ከመገጣጠሙ በፊት ይታወቃል። የተፈታው ላይኛ ክፍል ለብቻው በጆሮ አጠገብ ሲወዘወዝ መርፌው ወዲያና ወዲህ እያለ ሊንኳኳ ይገባዋል፤ ጸጥ ካለ መተላለፊያው ገና አልጠራም።