ድኽነትን በኅብረት ስለ መዋጋት

አንድ ባለጉዳይ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ ቀኑ እንደሚመሽበት የምታውቁት ነገር ነው። ባለጉዳዩ ድኻ በሆነ ጊዜ ግን የመመላለሱ ዋጋ የዕለት እንጀራው ነው። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ለዚህ ችግር ያበጁት መላ፤ ጉድለት ባያጣውም፤ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በድኽነት ላይ ጦርነት ዐወጁ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ በየከተማውና በየገጠሩ ድኾችን የሚረዱ የአካባቢ ድርጅቶች እንዲቋቋሙ ፈቀደ፤ ድኾቹም ራሳቸው በተቻለ መጠን ሁሉ በሥራው እንዲካፈሉ አዘዘ። ይህች ትእዛዝ ብዙ ሙግት አስነሣች። አንዳንድ ከንቲባዎች የመንግሥት ገንዘብ በእነርሱ እጅ ሳያልፍ መሰጠቱ አላስደሰታቸውም። ከሙግቱም በኋላ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ደንብ ተገኘ፤ ይኸውም ከድርጅቱ ቦርድ አንድ ሦስተኛው በሕዝብ የተመረጡ ሹማምንት ወይም ወኪሎቻቸው ናቸው። ከአንድ ሦስተኛ የማያንሰው ወገን ደግሞ በምርጫ የተሠየመ የድኾቹ እንደራሴ ነው። የቀሩት ከንግድ፤ ከሠራተኛ ማኅበር፤ ከሃይማኖትና ከትምህርት ቤት ይመጣሉ።

ድርጅቱ ብቻውን ሀብታም አይደለም። ከ1981 ዓ.ም. ወዲህ ዋናው ድጎማ ከማዕከላዊው መንግሥት በየክፍለ ግዛቱ በኩል ይመጣል፤ ከዚህም ቢያንስ ከመቶ 90 እጁ ለአካባቢ ድርጅቶች መተላለፍ አለበት። ይሁን እንጂ ለሥራው ሁሉ ስለማይበቃ፤ ሌላውን ከባልንጀሮች መፈለግ ግድ ነው።

ስለ ክረምት ብርድ የሚሠራውን እንመልከት። አንዲት እናት የቤቷን ማሞቂያ ሂሳብ መክፈል አቅቷት ትመጣለች። ሂሳቡ በርዳታ ይከፈልላት ይሆናል፤ ነገር ግን ጣራውና መስኮቱ ሙቀቱን የሚያስወጡ ከሆነ የተከፈለው ገንዘብ ከቤቱ ሙቀት ጋር ወደ ውጭ ይሄዳል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ያው ድርጅት በ1976 ዓ.ም. በወጣው ሕግ የተጀመረውን የቤት ጥገና ርዳታ ያቀርብላታል፤ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ጣራው ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ ይለብሳል፤ ምድጃውም ይታደሳል። የኤሌክትሪክና የጋዝ ኩባንያም የሚያተርፈው አለ፤ ሳይከፈል የሚቀር ሂሳብ ያንስለታልና፤ ስለዚህ አንዳንዱ ኩባንያ ለጥገናው ከራሱ ይጨምራል። ሴትዮዋ ተከራይ ከሆነች የቤቱ ባለቤት መፍቀድ አለበት፤ ጥገናውንም ምክንያት አድርጎ ኪራይ እንዳይጨምርባት ደንቡ ለተወሰነ ጊዜ ይከለክለዋል። ይህ ክልከላ ባይኖር ርዳታው የማን ኪስ ይገባ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

እንዲህ ያለው ኅብረት በመልካም ፈቃድ ብቻ አይቆምም። ማን ባለጉዳዩን እንደሚቀበል፤ ማን እንደሚከፍል፤ የሰውየውን ምሥጢር ማን እንደሚጠብቅ በጽሑፍ መለየት ይገባል። አድራሻ ጽፎ ሰውን ወደ ሌላ ቤት መስደድ ግን፤ በእኛ አስተያየት፤ ትብብር ሊባል አይገባውም። ባልንጀራው መቀበሉን ጠይቆ ማረጋገጥ የሥራው እኩሌታ ነውና።

ድርጅቶቹ የአካባቢያቸውን ችግር እያጠኑ ዕቅዳቸውን ማደስ አለባቸው። በዚህ ጊዜ የድኾቹ ወንበር ዋጋው ይታያል፤ አውቶቡሱ የማታ ሠራተኞችን ጥሎ እንደሚያልፍ በአውቶቡሱ የሚሄድ ሰው ከሁሉ ይልቅ ያውቀዋል። ስብሰባው በሥራ ሰዓት ቢደረግ ግን ይህ ሰው የቀን ደመወዙን ትቶ መምጣት አይችልም። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ ድርጅት ስብሰባውን ማታ ያደርጋል፤ ለመጓጓዣ ይከፍላል፤ ልጆቹንም የሚጠብቅ ሰው በአጠገቡ ባለው ክፍል ያቆማል።