ክብደት አንጠልጥሎ ብልትን ስለ ማስረዘም

አንዳንድ ጉዳይ ለመናገር ስለሚያሳፍር ብቻ ሳይጻፍ ይቀራል፤ ሳይጻፍ በመቅረቱም ሰው በስውር ራሱን ይጎዳል። ብልቱን ለማስረዘም ሲል ድንጋይ ወይም ብረት በገመድ አሥሮ የሚያንጠለጥል ጎልማሳ ከእነዚህ አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም አይጠይቅም፤ ወዳጁንም አያማክርም። ስለዚህ ነገሩን በግልጽ ቃል መጻፍ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድሞ የአካሉን አሠራር ማወቅ ያሻል። የወንድ ብልት በውስጡ አጥንት የለውም። ደም ሲሞላባቸው የሚጠነክሩ፣ እንደ ሰፍነግ ያሉ ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ተኝተውበታል፤ እነርሱንም እጅግ ጠንካራ የሆነ ነጭ ሽፋን ጠቅልሎ ይዟቸዋል። ሥሩን ደግሞ ተሸካሚ ጅማት ከዳሌ አጥንት ፊት ለፊት ጋር ያያይዘዋል። የስሜት ነርቮችና ዋና ዋናዎቹ ደም ሥሮች የሚያልፉት በላይኛው በኩል፣ ከቆዳው ብዙም ሳይርቁ ነው። እንግዲህ ገመዱ የሚታሰርበትን ስፍራ እናስብ። ክብደቱ እንዳያመልጥ ማሠሪያው ከብልቱ ራስ በታች ባለው አንገት ላይ ይጠብቃል፤ ክብደቱ በጨመረ ቍጥርም ወደ ራሱ እየተንሸራተተ የበለጠ ይጨብጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጨቈነው ይለጠጣል የተባለው ጠንካራ ሽፋን ሳይሆን ነርቩና ደም ሥሩ ነው።

በህንድ አገር አንዳንድ መናኞች በብልታቸው ድንጋይ ሲያነሡ በሕዝብ ፊት ይታያሉ። እነርሱ ግን ይህን የሚያደርጉት ፍትወትን ለመግደል ነው እንጂ ብልትን ለማሳመር አይደለም። ይህን ምሳሌ እየጠቀሰ ዕቃውን የሚሸጥ ነጋዴ ግን የነገሩን ግማሽ ብቻ ይናገራል።

ይሁን እንጂ መሳብ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 15ኛ ቀዶ ሐኪም የነበረው ፍራንሷ ደ ላ ፔይሮኒ በ1743 በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈለት አንድ በሽታ አለ፤ በዚህ በሽታ ሽፋኑ ላይ ጠባሳ ይበቅልና ብልት ይጎብጣል፤ ያጥራልም። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ የመሳቢያ መሣሪያ ያዛሉ። መሣሪያው በብልቱ ሥር የሚያርፍ ቀለበት፣ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎችና ከራሱ በታች የሚይዝ ለስላሳ ማቀፊያ አለው። ከክብደት የሚለየው ጕልበቱ በልክ የሚወሰን በመሆኑ ነው፤ የተንጠለጠለ ብረት ግን ሰውዬው በተንቀሳቀሰ ጊዜ ሁሉ ይወዛወዛል፤ በድንገትም ይነጥቃል። በጣሊያን አገር በቶሪኖ የተደረገና በ2009 የታተመ አነስተኛ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህን መሣሪያ በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት ለ6 ወር የተጠቀሙ ሰዎች ያገኙት ጭማሪ በላላበት ጊዜ 2.3 ሰንቲ ሜትር፣ ተስቦ ሲለካ 1.7 ሰንቲ ሜትር ያህል ነበረ፤ ውፍረቱ ግን አልተለወጠም። ድካሙና ትርፉ ይህን ያህል ነው። ክብደት ለማንጠልጠል ግን ይህን ያህል ማስረጃ እንኳ የለም።

መሣሪያው በሐኪም የታዘዘለት ሰው አስተካክሎ መያዝ አለበት። ቆዳው የታጠበ፣ የደረቀና ቍስል የሌለበት ይሁን። ማቀፊያው እንዳይንሸራተት ያህል ብቻ ይያዝ፤ ጠበቅ ቢያደርጉት ውጤቱ ይፈጥናል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ዘንጉ በሳምንታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይርዘም እንጂ በአንድ ቀን አይጐተት። በየጊዜው ፈትቶ ደሙ እንዲመላለስ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አድርጎ መተኛትም አይገባም፤ የተኛ ሰው መደንዘዙን አያውቅምና። የስኳር በሽታ ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። ብዙ ጽሑፎች የቆዳ መጥቈርን ወይም መገርጣትን የአደጋ ምልክት ያደርጋሉ፤ በእኛ የቆዳ መልክ ላይ ግን ይህ ቶሎ ስለማይለይ የራሱ መቀዝቀዝና መደንዘዝ የታመኑ ምልክቶች ናቸው። ሕመም ሲሰማ ብቻ ሳይሆን ስሜት ሲጠፋም መሣሪያው ወዲያው ይፈታ።

ነገር ግን ከመሣሪያው ይልቅ ልንመረምረው የሚገባን ሰውን ወደዚህ የሚያደርሰውን ሐሳብ ነው። በፍሎረንስ ከተማ የተደረገና በ2002 የታተመ ጥናት ብልታቸው እንዲረዝም ፈልገው ወደ ሐኪም የመጡ 67 ወንዶችን ለክቶ ነበር፤ በሕክምና ልክ አጭር ሆኖ የተገኘ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ግን መደበኛው መጠን ከእውነተኛው የሚበልጥ ይመስላቸው ነበር። በ2015 የታተመ፣ የ15,521 ወንዶችን ልክ የሰበሰበ የእንግሊዝ አገር ጥናት አማካዩን በላላበት ጊዜ 9.16፣ በቆመበት ጊዜ 13.12 ሰንቲ ሜትር አድርጎታል። የሚለካውም በላይኛው በኩል ከዳሌ አጥንት ጀምሮ እስከ ጫፍ ነው። ሰው የራሱን ከላይ ወደ ታች ስለሚያየው አጥሮ ይታየዋል፤ የጎረቤቱን ግን ፊት ለፊት ያያል። ከእምብርት በታች የተከማቸ ስብም ከሥሩ ጥቂቱን ይሸፍናል፤ ውፍረት የቀነሰ ሰው አንዳች ሳይስብ የተሸፈነው ይገለጥለታል። መምህራን ይህን ለጎልማሶች ተማሪዎች በትምህርት ቃል ቢያስረዱ፣ በመታጠቢያ ቤት የሚጀመረው መተያየትና መሣቀቅ ብዙ ጕልበቱን ያጣል።

አስቀድሞ አሥሮ የተጠመደበት ሰውም አለ። ቀለበት ወይም ገመድ ከጠበቀ በኋላ የብልቱ ራስ ያብጣል፤ ካበጠም ያስገባው ነገር በገባበት መንገድ አይወጣም። በኃይል መጐተት ቆዳውን ይገሽልጣል፤ እስኪነጋ መታገሥም አካሉን ሊያበሰብሰው ይችላል። ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ሐኪሙ እንዲህ ያለውን ከዚህ በፊት አይቶታል፤ ቀለበቱንም በመቍረጫ ይቈርጠዋል ወይም እብጠቱን አስታግሦ ያወጣዋል። ከሕመምተኛው የሚጠይቀው ዋናው ነገር ያሠረበትን ሰዓት ነውና፣ እርሱን ሳያፍር በትክክል ይንገረው።