አራሷ ዘንዶ ምን ትብላ?

በእኛ አገር አራስ የምትጠየቀው በገንፎ ነው። ገና ከሐኪም ቤት ሳትመለስ ገብሱ ይቆላል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ አጥሚቱ በፔርሙዝ ተሞልቶ ይደርሳል። ጎረቤቱ አልጋዋ ጥግ ቁጭ ብሎ "ትንሽ ጉረሺ እንጂ፣ አንጀትሽን ጠግኚው" ይላታል። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ እባብ የሚያሳድጉ ሰዎች እንቁላል ስለጣለች እባባቸው ምግብ ሲጨነቁ የሰማ አበሻ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቆይቶ ይገርመዋል፤ ጭንቀቱ የራሱ አክስቶች ጭንቀት ነዋ! ከስታለች። ጎኗ ተሸብሽቧል፣ የጀርባዋ አጥንት ሾሏል። መቼ ትብላ? ምን ያህል? አልበላም ብላ ፊቷን ብታዞርስ?

መልሱ ግን ከአክስቶቹ መልስ ጋር አይገጥምም። አራሷ እባብ ከምግብ በፊት የምትፈልገው ነገር አለ፤ ምግቡም ሲመጣ በትንሽ በትንሹ ነው።

ስለ እባብ በጅምላ ማውራት ስለማይቻል አንዷን ልያዝ፤ በሰው ቤት በብዛት ከሚኖሩት እባቦች አንዷ የሆነችውን ቦል ፓይተንን። ፓይተን የዘንዶ ወገን ነው። ይህቺኛዋ ግን በእኛ ቆላ ከሚገኘው ግዙፍ ዘንዶ አጠገብ ብትቀመጥ ሕፃን ትመስላለች፤ ያደገች ሴት ርዝመቷ ብዙውን ጊዜ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ነው፣ ሁለት ኪሎ ከመዘነች ደልባለች ይባላል። "ቦል" ያሰኛት ስትፈራ ራሷን መሐል ደብቃ እንደ ኳስ መድቦልቦሏ ነው። አገሯ ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ ዩጋንዳ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚዘረጋው የሣርና የቁጥቋጦ ምድር ስለሆነ ኢትዮጵያ አትደርስም። ቤኒን ውስጥ፣ ዊዳ በምትባለው ከተማ፣ ቤተ መቅደስ አላት፤ ማንም አይነካትም። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ በኢግቦዎች ዘንድም ክብሯ ትልቅ ነው፤ ቺኑዋ አቼቤ በመጀመሪያው ልቦለዱ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ክብር ግን ከንግድ አላዳናትም። ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ባለፉት አሥርት ዓመታት ከሚሊዮን በላይ ቦል ፓይተኖች በሕይወት ተጭነው ወደ ውጭ ወጥተዋል።

ወደ አራሷ ልመለስ። እንቁላሎቿ እንደ ዶሮ እንቁላል ቀጭ የሚሉ አይደሉም፤ ልባሳቸው እንደ ለስላሳ ቆዳ ነው። ከወጡ በኋላ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ክምር ይሆናሉ። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ትጥላለች። አንዱን 80 ግራም ብንለው፣ ስድስት የጣለች እናት ወደ ግማሽ ኪሎ ከሰውነቷ ወጣ ማለት ነው፤ 1,800 ግራም ለነበረች ከሩብ በላይ። ይህ ደግሞ የመጨረሻው ሒሳብ ነው። ብዙዎቹ ዘር ከቋጠሩበት ጊዜ ጀምሮ፣ ማለትም ከመጣላቸው ስድስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ምግብ አቁመዋል። ስለዚህ ጌታዋ አንድ ማለዳ ሣጥኗን ሲከፍት የሚያያት እናት አሁን ረኀብ የጀመራት ሳትሆን ጾሟን ያጋመሰች ናት።

አቀማመጧን ስፌት የምታውቅ ሴት ብታየው ወዲያው ይገባት ነበር። አክርማ እየዞረ እየዞረ የመሶብ ክዳን እንደሚወጣው፣ አካሏን ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ አድርጋ በእንቁላሎቹ ዙሪያ ትጠመጥማለች፤ ራሷን ጫፉ ላይ ታሳርፋለች። አንድ እንቁላል እንኳ በጎን አይታይም። በሌላ ጊዜ እጅ ላይ የምትንከባለለው ለስላሳ እንስሳ አሁን አንገቷን እንደ ቀስት ወጥራ ትጠብቃለች። "አራስ ነብር" የምንለው ለነብር ብቻ አይደለም።

ለምን እንዲህ አጥብቃ እንደምትታቀፍ ተመራማሪዎች ቶጎ ውስጥ አጥንተውታል። ብዙ ሰው ለሙቀት ይመስለዋል። በእርግጥ በርሚዝ ፓይተን የተባለችው የእስያ ዘመዷ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ሙቀት ታመነጫለች። ቦል ፓይተን ግን ይህን አታደርግም። የእሷ እቅፍ ዋና ሥራ እርጥበት መያዝ ነው፤ እንቁላሉ በቆዳ መሳይ ልባሱ በኩል ውኃው እንዳያልቅ በሰውነቷ ትከድነዋለች። እንግዲህ ክዳን የሆነች እናት አደን ልውጣ ብትል ክዳኑ ተነሣ ማለት ነው። ወደ ሁለት ወር ገደማ፣ እንቁላሎቹ እስኪፈለፈሉ፣ አትበላም።

የዱሩ ኑሮ ይህ ጾም ምን እንደሚያስከፍል ያሳያል። ደቡብ አፍሪካዊው ተመራማሪ ግሬአም አሌክሳንደር የአገሩን ትላልቅ ዘንዶዎች የሬዲዮ ማሠራጫ አስሮባቸው ለ7 ዓመት ተከታትሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው ጥናት አለ። እናቶቹ በእርባታው ወቅት ቆዳቸው ይጠቁራል፤ ፀሐይ ላይ ወጥተው ሰውነታቸውን ወደ 40 ዲግሪ ያሞቁና ጉድጓዳቸው ገብተው እንቁላሉን ያቅፋሉ። ከተፈለፈሉም በኋላ ልጆቹ ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ እናታቸው ጥምጥም ላይ ያድራሉ። በዚህ ሁሉ መሐል፣ ከስድስት ወር በላይ፣ እናቲቱ እህል አትቀምስም፤ ከክብደቷ 40 በመቶ ያህሉን ታጣለች። ለመጠገን ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅባት በየዓመቱ አትወልድም።

በሰው ቤት ያለችው ግን አማራጭ አላት፤ ይልቁንም ጌታዋ አለው። አንዳንዱ እናቲቱ ራሷ ትፈልፍል ይላል። አብዛኛው እርባታ ላይ ያለ ሰው ግን ክምሩን በጥንቃቄ አንሥቶ፣ አቀማመጡን ሳያገላብጥ፣ 31 ወይም 32 ዲግሪ ወደሚጠብቅ ማስፈልፈያ ሣጥን ያስገባዋል። ጭካኔ ይመስላል። እኔ ግን ከስታ የገባችን እናት ሁለት ወር ማስጾም ይብሳል ባይ ነኝ። ደልባ የገባች ከሆነችና ሣጥኗ እርጥበቱን የሚይዝ ከሆነ ግን ትታቀፍ፣ አንዴ ማየቱም ዕድል ነው።

እንቁላሉ ሲነሣ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። እናቲቱ ባዶ ወለል ላይ እንደገና ትጠመጠማለች። አይጥ ቢቀርብላት ዞር ትላለች፤ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ምክንያቱ ሽታው ነው። የእንቁላሉ ሽታ ከሰውነቷ፣ ከመደቧና ከሣጥኑ ግድግዳ አልለቀቀም፤ እሷም እስካሁን የምትታቀፍ ይመስላታል። ስለዚህ ያረቡ ሰዎች ከማብላት በፊት የሚያደርጉት ማጠብ ነው። በገንዳ ለብ ያለ ውኃ፣ ጠብታ ያህል ቀላል ሳሙና፤ በእጅ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ቀስ እያሉ ያሻሻሉ፣ ደጋግመው በንጹሕ ውኃ ያለቀልቃሉ። አሮጌው መደብ ተጠራርጎ ይወጣል፣ ሣጥኑ ይታጠባል፣ አዲስ ይነጠፋል። ከዚያ ያቺው ቀስት የወጠረች እናት ምላሷን እያወጣች እየመለሰች ጥግ ጥጉን ትፈትሻለች። አደን አሰበች ማለት ነው።

በማጠቡ ጊዜ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ሆዷ ነው፤ ጣት በቀስታ ሲያልፍበት የቀረ እንቁላል ካለ እንደ ጠንካራ እብጠት ይሰማል። ካለ ነገሩ የምግብ ሳይሆን የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በራስ እጅ ጨምቆ ለማስወጣት መሞከር እናቲቱን ሊገድላት ይችላል። ሁለተኛው ክብደቷ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳህን ተደርጎ፣ እሷ ሳህኑ ውስጥ፣ ቁጥሩ በግራም ይጻፋል። ከእንግዲህ "ከስታለች፣ ወፍራለች" የሚለው የዓይን ግምት ቀርቶ በዚህ ቁጥር ይሠራል።

ከዚያ ውኃ። ሰፊ ዕቃ፣ ንጹሕ ውኃ። አገጯን ውኃው ላይ አሳርፋ፣ መንጋጋዋ ብቻ ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ፣ ለደቂቃዎች የምትጠጣ እናት ብትታይ አይገርምም።

አሁን ወደ አንጀቷ እንግባ፤ "አንጀትሽን ጠግኚው" የሚለው የአክስቶች ቃል እዚህ ቃል በቃል እውነት ነውና። ስቴፈን ሲኮርና ጃሬድ ዳይመንድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በበርሚዝ ፓይተን ላይ እንዳሳዩት፣ ለረጅም ጊዜ ያልበላ ፓይተን አንጀቱን ሥራ ያስፈታዋል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ምግብ የሚመጥበት ክፍል ይኮማተራል፤ ሥራ የሌለውን ወፍጮ ነዳጅ እየሰጡ ማዞር ምን ይረባል? ምግብ ሲገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል። የትንሹ አንጀት ክብደት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ የሰውነት የኦክስጅን ፍጆታ ትልቅ ምግብ ከሆነ እስከ 40 እጥፍ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የልብ ታችኛው ክፍል በ48 ሰዓት ውስጥ በ40 በመቶ እንደሚከብድ አስመዝግቧል። ይህን ሁሉ የምታደርገው ካላት ስንቅ ወጪ አድርጋ ነው። ስንቋን ለእንቁላል የጨረሰች እናት ላይ የመጀመሪያውን ቀን ትልቅ አይጠ መጎጥ መጫን፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ዳገት እንደማስወጣት ነው። ብዙ ጊዜ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መልሳ ታወጣዋለች፤ ያኔ ከሆዷ ፈሳሽ ጋር ጉልበቷም ይወጣል፤ እንደገና ለመሞከር ሁለት ሳምንት ያህል መታገሥ ግድ ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉርሻ ትንሽ ነው፤ የእባብ አጥሚት ልንለው እንችላለን። ከክብደቷ አምስት በመቶ ገደማ ይበቃል። 1,300 ግራም ለቀረች እናት ከ60 እስከ 70 ግራም የሚሆን አይጥ ማለት ነው። ቆዳውም፣ አጥንቱም፣ ጉበቱም ሳይቀር ሙሉውን ስለምትውጠው ካልሲየሙ አብሮ ይገባል፤ ዱቄት መነስነስ ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። በአምስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን ሌላ ተመሳሳይ፣ ከዚያ ሌላ፤ ሦስቱም በደኅና ከተፈጩ መጠኑ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የሚሞቀው የሣጥኗ ጥግም 32 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፤ ሙቀት የሌለው እባብ ሆድ ውስጥ ምግብ ይበሰብሳል እንጂ አይፈጭም።

አይጡ ከፍሪዘር የወጣ መሆኑ ስንፍና አይደለም። ሬይንቦ ቦአ በሚባሉ የደቡብ አሜሪካ እባቦች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ እርጉዟ እናት ስቧ ብቻ ሳይሆን የጀርባ ጡንቻዋም ለልጆቿ ይፈርሳል፤ ከወለደች በኋላ ያደነችውን የመጭመቅ ኃይሏ ቀንሶ ይገኛል። እንዲህ የደከመች እናት ፊት በሕይወት ያለ አይጥ መጣል ማን ማንን እንደሚበላ ለዕድል መተው ነው፤ የአይጥ ጥርስ ዓይኗን ሊያጠፋ ይችላል። በረዶው በፍሪጅ ውስጥ ይለቃል፤ ከዚያ አይጡ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከራል (ድስቱ ለሰው ምግብ የማይመለስ ቢሆን ይሻላል)። ሙቀቱ ወሳኝ ነው፤ ከንፈሯ ዳርና ዳር ያሉት ትንንሽ ጉድጓዶች የሚያነቡት ሙቀትን ነውና። ማታ፣ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ፣ አይጡ በረጅም ጉጠት ተይዞ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ምላሷ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ትንፋሿ የቆመ ይመስላል። ከዚያ የሆነውን ዓይን አይከተለውም፤ ጉጠቱ ባዶ ነው፣ እሷ ሦስት ዙር ተጠምጥማበታለች። ከዚህ በኋላ ሁለት ቀን ማንም አያንሣት።

ሁሉም እባብ እንዲህ ሽቁጥቁጥ አይደለም። ኮርን ስኔክ የምትባለው የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ እባብ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፤ እቅፍ የሚባል አታውቅም። ብዙዎቹ በጣሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሉ። የእሷ አደጋ ሌላ ነው፤ ጥሩ ከበላች በዚያው ወቅት ሁለተኛ ዙር ልትጥል ትችላለች፤ ጌታዋ ያገገመች ሲመስለው እሷ እንደገና እየተቦጠቦጠች ነው።

ለቦል ፓይተንም የሚቀጥለውን ዓመት የሚወስነው ያ በግራም የተጻፈው ቁጥር ነው። ከእርባታው በፊት የነበራት ክብደት ካልተመለሰ ወንድ አይገባባትም፤ የደቡብ አፍሪካዎቹ ዘንዶዎች ማንም ሳያስተምራቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ወንድ አለማስገባት ግን ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ መካነ አራዊት ቢያንስ 62 ዓመት የሚሆናት ቦል ፓይተን 7 እንቁላል ጣለች፤ ቢያንስ ለ15 ዓመት ከወንድ ጋር አልተገናኘችም ነበር። ሰው ቤት ብቻዋን የምትኖርም አንዳንዴ እንዲሁ ትጥላለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰም የመሰሉ፣ ቢጫ፣ ፍሬ የሌላቸው። እሷ ግን በእነሱም ላይ ልትጠመጠም፣ ጾሟንም ልትጾም ትችላለች። ያኔም ሥራው ያው ነው፤ እንቁላሎቹ ይነሣሉ፣ ትታጠባለች፣ ውኃ ይቀመጥላታል፣ በሳምንቱ ትንሽ አይጥ ይሞቅላታል።