ለደም ግፊት ተስማሚውን መድኃኒት ስለ መምረጥ

ባልንጀራውን የረዳውን የደም ግፊት መድኃኒት እርሱም ገዝቶ የሚውጥ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ለአንዱ የተስማማው ሌላውን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ምርጫው በሐኪም ምርመራ ላይ መመሥረት ይገባዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ግፊቱ በተለያዩ ቀኖች ተለክቶ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 መድረሱ ለተረጋገጠ ሰው መድኃኒት እንዲጀመርለት ይመክራል።

አምሎዲፒን የደም ሥርን ያላላል፤ ሆኖም እግርን ሊያሳብጥ ይችላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትርፍ ጨውንና ውሃን በሽንት ያስወጣል፤ ሪህ ላለበት ሰው ግን ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ኤናላፕሪል በስኳር በሽታ የተጎዳ ኩላሊትን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፤ ለፅንስም አደገኛ ስለ ሆነ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ፕሮፕራኖሎልም አስም ላለበት ሰው አይሆንም።

ስለዚህ ሕመምተኛው ያለበትን ደዌና የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይግለጽ፤ ጨውንም በቀን ከ5 ግራም በታች ያድርግ። ግፊት ብዙ ጊዜ ሳይሰማ አንጎልንና ልብን ስለሚጎዳ፣ «ደኅና ሆኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። ሽያጩን በመዝገብ እንደሚይዝ ሁሉ የግፊቱንም ልክ ከነቀኑ ጽፎ ቢያቀርብ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱ መሥራቱን ወይም መለወጥ የሚገባው መሆኑን በቀላሉ ይረዳለታል።